የቴሬዚን ልጆች ሥዕልና ግጥም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናዚዎች ባጎሯቸው አይሁዳውያን ልጆች እጅ የተሠሩ ሥዕሎችና ግጥሞች በብዙ ቦታ ተገኝተዋል። ይሁን እንጂ ብዛቱና ዓይነቱ በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ከሚገኘው ከቴሬዚን ጌቶ (አይሁዳውያን ተለይተው ከታጎሩበት ሠፈር) የተረፈውን የሚያህል የለም፤ ስለዚህ ይህ ገጽ በዋነኛነት የሚናገረው ስለ ቴሬዚን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቴሬዚን ምን ዓይነት ቦታ ነበር?

ቴሬዚን ከፕራግ በስተሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ሁለተኛ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አስገንብተው በእናታቸው በማሪያ ቴሬዛ ስም የሰየሟት የጦር ምሽግ ከተማ ናት። ናዚዎች ከኖቬምበር 1941 ጀምሮ ከተማዋን የአይሁዳውያን ማጎሪያ አደረጓት። 140,000 የሚጠጉ ሰዎች ወደዚያ ተወስደዋል፤ ከእነዚህ 33,000 ያህሉ እዚያው በረሀብ፣ በበሽታና በመጨናነቅ ሲሞቱ፣ ወደ 90,000 የሚጠጉት ደግሞ በባቡር ተጭነው ወደ ምሥራቅ፣ ይበልጡን ወደ አውሽዊትዝና ወደ ሌሎች የመግደያ ቦታዎች ተልከዋል። ቴሬዚን ራሷ የጋዝ ክፍል አልነበራትም። ሰው በዚያ የሚኖረው ስሙ በሚቀጥለው የጉዞ ዝርዝር ውስጥ ይግባ አይግባ እየጠበቀ ነበር።

ትምህርት ከተከለከለ ልጆቹ እንዴት ሥዕልና ግጥም ተማሩ?

የጌቶው የአይሁዳውያን አስተዳደር የወጣቶች ክፍል ልጆቹን ከአዋቂዎቹ ሠፈር አውጥቶ በተለዩ ቤቶች እንዲኖሩ አደረገ። ኤል 410 የሚባለው ሕንፃ የሴቶች፣ ቀድሞ ትምህርት ቤት የነበረው ኤል 417 የወንዶች ቤት ሆነ፤ በአንድ ክፍል ውስጥም 40 ያህል ልጆች በሦስት ፎቅ የእንጨት አልጋ ላይ ተደራርበው ይተኙ ነበር። መደበኛ ትምህርት መስጠት ክልክል ሲሆን መዝሙር፣ የእጅ ሥራና ሥዕል ግን ልጆችን ለማዋል ያህል ተፈቅደው ነበር። መምህራኑ ይህችን ቀዳዳ ተጠቀሙባት። ሒሳብ፣ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ በድብቅ ይሰጣል፤ አንድ ልጅ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ የኤስኤስ (የናዚ ዘብ ጦር) ሰው ሲመጣ ደብተሩ ይሰወርና መዝሙሩ ይጀመራል። ሥዕል ግን መሰወር አላስፈለገውም፤ በመሆኑም ሥዕል በዚያ ቤት ውስጥ በግልጽ ሊሰጥ የቻለ እውነተኛ ትምህርት ሆነ።

የሥዕል መምህሯ ማን ነበሩ?

ስማቸው ፍሪድል ዲከር-ብራንዳይስ ይባላል። በ1898 በቪየና ተወለዱ፤ በዚያው ከተማ በዮሃንስ ኢተን የግል ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በጀርመን ቫይማር በነበረው ስመ ጥር የባውሃውስ የሥነ ጥበብና የንድፍ ትምህርት ቤት ተማሩ። ሠዓሊ ብቻ ሳይሆኑ የቤት ዕቃ፣ የጨርቃ ጨርቅና የቤት ውስጥ ንድፍ ባለሙያም ነበሩ። የኮሚኒስት ፓርቲ ደጋፊ በመሆናቸው በ1934 ቪየና ውስጥ ታስረው ሲፈቱ ወደ ፕራግ ተሰደዱ፤ በዚያም ከጀርመን አገር ተሰደው ለመጡ ሰዎች ልጆች ሥዕል ያስተምሩ ጀመር። ወደ ፍልስጥኤም ለመሄድ የሚያስችል ፈቃድ አግኝተው ነበር፤ ነገር ግን ባለቤታቸው ፓቬል ብራንዳይስ ፈቃዱን ስላላገኙ ጥለዋቸው አልሄዱም።

በዲሴምበር 1942 ሁለቱም ወደ ቴሬዚን ተወሰዱ። ለአንድ ሰው በተፈቀደው 50 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ ሌላው ብርድ ልብስና ምግብ ሲጠቀጥቅ፣ ፍሪድል ግን ወረቀትና ቀለም ያዙ፤ ለልጆች ትርኢት ጫካ ሆኖ እንዲያገለግል ብለው አንሶላ ሳይቀር አረንጓዴ ነክረው ነበር። በጌቶው ውስጥ በቆዩባቸው ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆችን አስተማሩ።

የማስተማሪያ ዘዴያቸው በቀጥታ ከባውሃውስ የመጣ ነበር። ትምህርቱ የሚጀምረው በእጅ ማፍታታት ነው፦ መምህሯ ድምፅ እየሰጡ ልጆቹ በዚያ ምት መስመርና ክብ ይሥላሉ። ከዚያ ስለ ቀለም ተቃርኖ፣ ስለ ብርሃንና ጥላ፣ ስለ ቅርፅ ይማራሉ። የቀድሞዎቹ አውሮፓውያን ሠዓሊዎች የቨርሜርና የክራናክ የታወቁ ሥዕሎች እየታዩ ልጆቹ በቁርጥራጭ ወረቀት እያጣበቁ ቅርፃቸውን እንደ ገና ይገነባሉ። ልጁ እንዲሁ ልቡ እንዳዘዘው እንዲሞነጫጭር የተተወ የሚመስለው አንባቢ ካለ ተሳስቷል፤ ሥርዓት ያለው ትምህርት ነበር። በ1943 በጋ ላይ ፍሪድል የልጆቹን ሥራ በኤል 417 ምድር ቤት አሳይተው ስለ ልጆች ሥዕል ለመምህራኑ ንግግር እስከ ማድረግ ደርሰዋል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን አንድ ቀላል ልማዳቸው ነው፤ ልጆቹ በየሥዕላቸው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ያደርጉ ነበር። በጌቶው መዝገብ ውስጥ ሰው የሚታወቀው በጉዞ ቁጥሩ ነበር። በሥዕሉ ጥግ ግን ስም አለ፤ ብዙ ጊዜም የሚኖርበት ክፍል ቁጥር አብሮ ተጽፏል። ከጦርነቱ በኋላ ተመራማሪዎች እነዚህን ስሞች ከባቡሩ የጉዞ ዝርዝሮች ጋር እያስተያዩ የልጆቹን የልደት ቀንና መጨረሻ ለማወቅ የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ወረቀቱ ከየት ይመጣ ነበር?

ከመምህሯ ሻንጣ የወጣው ብዙም ሳይቆይ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያገለገሉት ቢሮ የጣላቸው ቅጾች፣ መጠቅለያ ወረቀቶችና አሮጌ የሒሳብ ሰነዶች ናቸው። በአንዳንዱ ሥዕል ጀርባ የታተመ ቅጽ ይታያል፤ ቁርጥራጭ ወረቀት ተጣብቆ በተሠራው ሥዕል ላይ ደግሞ የቅጹ ሠንጠረዥ ራሱ ሰማይ ወይም ጣራ ሆኖ ገብቷል።

ሥዕሎቹ የጌቶውን ሥቃይ ያሳያሉ?

ጥቂቶቹ ያሳያሉ፤ አብዛኞቹ አያሳዩም። ይህ መልስ ብዙ ሰው ያስገርማል። ለምግብ የተሰለፉ ሰዎች፣ የተደራረቡ አልጋዎች፣ የታመመ ሰው፣ ዘበኛ፣ የሬሳ ጋሪ የተሣሉባቸው ወረቀቶች አሉ። የሚበዙት ግን ቤት፣ በምግብ የተሞላ ማዕድ፣ የፋሲካ ራት፣ አበባ በማስቀመጫ፣ ሜዳ፣ ባሕር፣ መርከብና የተረት ንጉሦች ናቸው። ጌቶውን የሣሉ ልጆች የበለጠ እውነተኞች፣ አበባ የሣሉት ደግሞ የሸሹ አድርጎ መቁጠር አይገባም። የአበባው ሥዕል ትምህርት ነው፤ ማዕዱ ትዝታ ነው።

በተቃራኒው ያየችውን ብቻ የሣለች ልጅ አለች። ሄልጋ ቫይሶቫ በ12 ዓመቷ ቴሬዚን ስትገባ መጀመሪያ የበረዶ ሰው የሚሠሩ ልጆችን ሥላ ወደ ወንዶቹ ሠፈር ለአባቷ ላከች፤ አባቷም «የምታዪውን ሣዪ» ብለው መለሱላት። ከዚያ ወዲያ 100 ያህል ሥዕሎች የጌቶውን የዕለት ተዕለት ኑሮ ዘገበች። ወደ አውሽዊትዝ ስትወሰድ ሥዕሎቿንና የቀን ማስታወሻዋን አጎቷ በግድግዳ ውስጥ ሸሸጉላት። ሄልጋ ተረፈች፤ ጎልማሳ ስትሆንም በፕራግ ሠዓሊ ሆነች።

ቬዴም ምን ዓይነት መጽሔት ነበር?

ቬዴም በቼክ ቋንቋ «እንመራለን» ማለት ነው። በኤል 417 ቁጥር አንድ በተባለው ክፍል የሚኖሩ ከ12 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው ወንዶች ልጆች ከዲሴምበር 1942 እስከ 1944 በጋ ድረስ በየሳምንቱ ያዘጋጁት መጽሔት ነው። የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ወጣቱ መምህር ቫልተር አይዚንገር ልጆቹ ክፍላቸውን እንደ ሪፐብሊክ እንዲያስተዳድሩ አደረጉ፤ ስሙንም «ሽኪድ» አሉት፤ በሩሲያ ፔትሮግራድ ከነበረ፣ በዶስቶየቭስኪ ስም ከሚጠራ የጎዳና ልጆች ትምህርት ቤት የተወሰደ ስም ነው።

መጽሔቱ የሚዘጋጀው በአንድ ቅጂ ብቻ ነበር። ዓርብ ማታ ልጆቹ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱ የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል። የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች በታይፕ የተመቱ ሲሆኑ፣ ኋላ ቀለሙ ሲያልቅ በእጅ ተጻፉ። በ800 ገጾቹ ውስጥ ግጥም፣ ቀልድ፣ የስፖርት ዘገባ፣ የመጽሐፍ ሒስና ጠንካራ የእርስ በርስ ትችት ይገኛል። «በቴሬዚን መዘዋወር» በሚለው ዓምድ ዋና አዘጋጁ የዳቦ ቤቱን፣ የእሳት አደጋ ጣቢያውን፣ አልፎ ተርፎም ሬሳ የሚቃጠልበትን ሕንፃ እንደ ጋዜጠኛ እየጎበኘ ጽፏል። አንባቢ ሊያዝን ተዘጋጅቶ ይከፍተዋል፤ ደጋግሞ ግን ይስቃል።

ያ ዋና አዘጋጅ ፔትር ጊንዝ ነበር። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1928 በፕራግ ተወለደ። አባቱ አይሁዳዊ፣ እናቱ ግን አይሁዳዊት ስላልነበሩ በናዚ ሕግ መሠረት ብቻውን የተጫነው 14 ዓመት ሲሞላው ነው። የዡል ቬርንን መጻሕፍት ይወድ ነበር፤ ራሱም ልብ ወለድ ይጽፍ፣ ይሥልም ነበር። በሴፕቴምበር 1944 መጨረሻ ወደ አውሽዊትዝ ተልኮ በ16 ዓመቱ ተገደለ። ከሥዕሎቹ አንዱ በሾሉ የጨረቃ ተራሮች መካከል ቆሞ መሬትን ከሩቅ የሚያይ ሰው የሚያየውን ያሳያል። እናታቸው ከአውሽዊትዝ የተረፉት የእስራኤል ጠፈርተኛ ኢላን ራሞን የዚህን ሥዕል ቅጂ ይዘው በኮሎምቢያ መንኮራኩር ወደ ጠፈር ወጡ፤ መንኮራኩሯ ስትመለስ የተሰባበረችው በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ማለትም ፔትር ቢኖር ኖሮ 75 ዓመት በሚሞላው ቀን ነበር። ዜናው ሲሰማ ፕራግ ውስጥ የአሮጌ ቤት ዕቃ በያዘ ሰው እጅ የነበሩ ደብተሮች የፔትር የቀን ማስታወሻ መሆናቸው ታወቀ።

«ቢራቢሮ» የሚለውን ግጥም የጻፈው ልጅ ነበር?

አልነበረም፤ ስሕተቱ ግን በጣም የተስፋፋ ነው። ጸሐፊው ፓቬል ፍሪድማን በጃንዋሪ 1921 ተወልዶ በኤፕሪል 1942 ወደ ቴሬዚን ሲገባ 21 ዓመቱ ነበር። ግጥሙ በስስ ወረቀት በታይፕ ተመቶ ጁን 4 ቀን 1942 የሚል ቀን ይዟል። ፍሪድማን በሴፕቴምበር 1944 መጨረሻ በአውሽዊትዝ ሞተ። ግጥሙ ከልጆቹ ሥዕሎች ጋር በአንድ መጽሐፍ ስለታተመ አብሮ «የልጆች ግጥም» ተባለ፤ የመጽሐፉ የእንግሊዝኛ ርእስ ራሱ የተወሰደው ከዚሁ ግጥም ነው።

ገጣሚው ያቺን የመጨረሻዋን፣ ቢጫዋን ቢራቢሮ ካያት ወዲህ ሌላ እንዳላየ፣ ቢራቢሮዎች በጌቶ ውስጥ እንደማይኖሩ ይናገራል። ሰምና ወርቅ መፈልፈል የለመደ የአማርኛ አንባቢ ቢጫውን ወዲያው አይሁዳውያን በደረታቸው እንዲሰፉ ከተገደዱት ቢጫ ኮከብ ጋር ሊያያይዘው ይችላል። ትርጉሙ አይከለከልም፤ ነገር ግን ግጥሙ ያንን አይልም። በመጀመሪያ ደረጃ አንድ የፕራግ ወጣት በሰባተኛ ሳምንቱ የናፈቀው እውነተኛ ቢራቢሮ ነው።

በእርግጥ ልጆች የነበሩት ገጣሚዎች እነማን ናቸው?

ፍራንቲሼክ ባስ በ1930 በብርኖ ተወለደ። ስለ አንዲት ትንሽ የጽጌረዳ አትክልት ስፍራና በዚያች በምትጠበው መንገድ ስለሚሄድ ትንሽ ልጅ የጻፋት አጭር ግጥም፣ እንቡጡ ሲፈነዳ ልጁ እንደማይኖር ተናግራ ታበቃለች። ባስ በ14 ዓመቱ በኦክቶበር 1944 ወደ አውሽዊትዝ ተላከ።

ሃኑሽ ሃኸንቡርግ በእኔ ግምት ከቬዴም ገጣሚዎች ሁሉ የላቀው ነው። በ1929 ተወልዶ በፕራግ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ያደገው ይህ ልጅ ግጥሙን በቃላት ኃይልና በመራራ ጥያቄ ይሞላው ነበር። ሕዝቡን የሚያስፈራራበት ጭራቅ ከሰው አጥንት እንዲሠራለት ስለሚያዝ ንጉሥ የሚያወራ የአሻንጉሊት ተውኔትም ጽፏል፤ የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ አምባገነንን እንዲህ አድርጎ መሳቂያ ማድረጉ በጣም ያስደንቃል። በዲሴምበር 1943 ወደ አውሽዊትዝ ተወስዶ በሚቀጥለው ዓመት ተገደለ።

እነዚህን ግጥሞች ወደ አማርኛ ለሚመልስ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለ። የሟቾች ሥራ ናቸውና ብዕሩ ወደ ሙሾ ይሳባል። የቼክኛው ቋንቋ ግን ብዙ ጊዜ ቀላል፣ አንዳንዴም ተሳላቂ ነው፤ ልጆቹ ሲጽፉ የራሳቸውን ሞት እየዘከሩ አልነበረም።

ናዚዎች ይህን ሁሉ ለምን ዝም አሉ?

በከፊል ስለናቁት፣ በከፊል ስለጠቀማቸው ነው። የአዋቂ ሠዓሊዎቹ ነገር ሌላ ነበር፤ የጌቶውን እውነት ሥለው ወደ ውጭ ለማውጣት የሞከሩት ቤድሪኽ ፍሪታና ጓደኞቹ በጁላይ 1944 ተይዘው ትንሹ ምሽግ ወደሚባለው እስር ቤት ተጣሉ። የልጆች ሥዕል ግን የሚያሰጋ ነገር አልመሰላቸውም።

ጥቅሙ የታየው በሙዚቃ ነው። የሃንስ ክራሳ የልጆች ኦፔራ «ብሩንዲባር» በቴሬዚን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በሴፕቴምበር 1943 ሲሆን 55 ጊዜ ያህል ቀርቧል። ታሪኩ ለታመመች እናታቸው ወተት መግዣ ሊያገኙ በገበያ ስለሚዘፍኑ ወንድምና እኅት፣ ስለሚያባርራቸውም ክፉ አርጋኖ አዟሪ ነው። ልጆቹ በእንስሳትና በሌሎች ልጆች እርዳታ ያሸንፉታል፤ ተመልካቹም ያ ክፉ ሰው ማን እንደሆነ አላጣውም። ዘማሪ ልጆች በባቡር እየተወሰዱ ሌሎች ይተኳቸው ነበር። በጁን 23 ቀን 1944 የቀይ መስቀል ልዑካን ሲመጡ ጌቶው ቀለም ተቀብቶ፣ አበባ ተተክሎበት፣ ይኸው ኦፔራ ታየላቸው፤ በኋላም ለፕሮፓጋንዳ ፊልም ተቀረጸ። ፊልሙ ተቀርጾ እንዳለቀ ከሴፕቴምበር 28 እስከ ኦክቶበር 28 ከ18,000 በላይ ሰዎች ወደ አውሽዊትዝ ተጫኑ፤ ክራሳም ከእነዚሁ መካከል ነበሩ።

«ከ15,000 ልጆች የተረፉት 100 ብቻ ናቸው» የሚባለው ትክክል ነው?

ቁጥሩ በብዙ ቦታ ይደጋገማል፤ እንዲሁ መድገሙ ግን አይመከርም። ነፃነት ሲመጣ ቴሬዚን ውስጥ የነበሩ ልጆችም እንዳሉ ይዘነጋል። በቴሬዚን ካለፉት 15,000 ገደማ ልጆች ዐሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ጠፍተዋል ማለት ከእውነቱ ጋር ይበልጥ ይስማማል።

ሥራዎቹ እንዴት ተረፉ?

የፍሪድል ባለቤት ፓቬል በሴፕቴምበር 28 ቀን 1944 ተጫኑ። ፍሪድል ልከተላቸው ብለው በፈቃዳቸው ተመዝግበው በኦክቶበር 6 ሄዱ፤ በኦክቶበር 9 ቀን በአውሽዊትዝ-ቢርከናው ተገደሉ። ፓቬል ግን ተረፉ። መምህሯ ከመሄዳቸው በፊት 4,500 ያህል ሥዕሎችን በሁለት ሻንጣ አኑረው ነበር። የሴቶቹ ቤት ኃላፊ የነበሩት ቪሊ ግሮግ ከጦርነቱ በኋላ ሻንጣዎቹን ወደ ፕራግ አምጥተው ለአይሁዳውያን ማኅበር አስረከቡ።

ቬዴምን ያተረፈው ከክፍሉ ልጆች እስከ መጨረሻው በቴሬዚን የቀረው ዝደኔክ ታውሲግ ነው፤ በአንጥረኛው ሥራ ቤት ሸሽጎ አቆየው። በዚያ ክፍል ካለፉት 100 ገደማ ልጆች በሕይወት የተረፉት 15 ያህል ናቸው።

ከቴሬዚን ውጭስ?

በብዙ ቦታ አለ፤ ሦስት ምሳሌ ይበቃል። በዛሬዋ ሊቱዌኒያ በነበረው በቪልና ጌቶ ሳሙኤል ባክ የተባለ ልጅ ገና በ9 ዓመቱ ሥዕሎቹ ለሕዝብ ታይተውለታል፤ ተርፎም የታወቀ ሠዓሊ ሆኗል። በፖላንድ በዎጅ ጌቶ የነበረው አብራሜክ ኮፕሎቪች 20 ዓመት ሲሞላው ዓለምን ዞሮ ስለማየት የገጠመው ሕልም በደብተሩ ተገኝቷል፤ እሱ ግን በ14 ዓመቱ አውሽዊትዝ ተገደለ። ኔሊ ቶል ከእናቷ ጋር በዛሬዋ ዩክሬን በምትገኘው በልቮቭ በአንድ ክፍል ተደብቃ ሳለች በ8 ዓመቷ 60 የሚያህሉ የውሃ ቀለም ሥዕሎችን ሣለች፤ የሚበዙት በሜዳ የሚጫወቱ፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ደስተኛ ልጆች የሚታዩባቸው ናቸው።

ሥራዎቹን ዛሬ የት ማየት ይቻላል?

በእስራኤል የሚኖሩ አንባብያን የፔትር ጊንዝን የጨረቃ ሥዕል የያዘውን በኢየሩሳሌም የሚገኘውን የናዚ ሰለባዎች መታሰቢያ ያድ ቫሼምን፣ እንዲሁም ከቴሬዚን የተረፉ ሰዎች በጊቫት ሃይም ኢሁድ ኪቡጽ (የጋራ ኑሮ መንደር) ያቋቋሙትን የቴሬዚን ቤት ሊጎበኙ ይችላሉ። የፍሪድል ተማሪዎች ሥዕሎች የሚገኙት ግን በፕራግ የአይሁድ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ የሥዕሎቹን ምርጫ የሚያሳየው በፒንካስ ምኩራብ ፎቅ ላይ ነው። በዚያው ምኩራብ ምድር ቤት ግድግዳዎቹ የዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ክፍሎች ከሆኑት ከቦሄሚያና ከሞራቪያ ተወስደው የተገደሉ 80,000 የሚጠጉ አይሁዳውያን ስም ከነልደት ቀናቸው ተጽፎባቸዋል። ጎብኚው መጀመሪያ በግድግዳው ላይ ያነበበውን ስም ደረጃውን ሲወጣ ከአንድ ሥዕል ጥግ ላይ፣ በልጅ እጅ በእርሳስ ተጽፎ ሊያገኘው ይችላል።